ባዶ ቤት ዘመድ ያበዛል

አዴ ከድጃ መሞታቸውን የሰማሁት ኮምፒውተር ቤት ተቀምጬ የሥራ ማመልከቻዬን ስካን ሳስደርግ ነው። እማዬ ደወለች። «ከድጃ አረፈች። ቀብሩ ከቀትር በኋላ ነው፣ ቶሎ ነይ» ብላ ዘጋችው። እማዬ ስልክ ላይ አታለቅስም፤ ካርድ ይጨርሳል ብላ ነው የምታስበው።

በባጃጅ ስደርስ የግቢያቸው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አይደለም፣ ድንጋጤ ነው። «ኧረ በሩን ዝጉት!» ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። አዴ ከድጃ ከተገነዙበት ቢነሱ ኖሮ መጀመሪያ የሚጠይቁት «በሩን ማነው የከፈተው?» ብለው ነበር። መሞታቸውን ከዛ በኋላ ነው የሚያነሱት።

የሟች ባላቸው ታላቅ ወንድም አቶ ሁሴን ደጃፉ ላይ ቆሞ ለቀስተኛ ይቀበላል። ቁልፉን ጣቱ ላይ አንጠልጥሎታል። የለቅሶው ድንኳን ሳይፈርስ ሁለት ሠራተኞች አምጥቶ መስኮቱ ስር ያለውን ዘንባባ አሳያቸው። ሰዎቹ ዞር ዞር ብለው አዩት፣ አንደኛው እጁን ወደ ውስጥ ሰደደና እንደተቃጠለ ሰው መለሰው። «ጋሼ፣ ይሄ በመጥረቢያ አይሆንም» ብለውት ሄዱ። ደስ አለኝ። ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ደስ አለኝ።

እና ሰዉ ቅድስት ሳያደርጋቸው በፊት ልጻፋቸው ብዬ ነው።

ቅድስት አልነበሩም። ተናካሽ ነበሩ። አዴ ማለት በኦሮምኛ ወይዘሮ እንደማለት ነው፣ እሳቸው ግን ወይዘሮ አይመስሉም። ትንሽዬ፣ ከሲታ፣ የሟች ባላቸውን የሹፌር ጃኬት እስከ ጉልበታቸው ለብሰው፣ ክረምት ከበጋ ቦቲ ጫማ አድርገው ግቢ ውስጥ ሽር ጉድ ሲሉ ነው የሚውሉት። ድምፃቸው ብቻ ነው ትልቅ። ጠዋት የጭላሎ ጉም ሰፈሩን ሲሸፍነው፣ እሳቸው ሳይታዩ ድምፃቸው ይመጣል፤ ዶሮ ይሰድባሉ፣ አላህን ያመሰግናሉ፣ ከዛ ደግሞ ዶሮ ይሰድባሉ።

የቀረብኳቸው ተመርቄ የመጣሁ ጊዜ ነው። ገና ሻንጣዬን ሳልፈታ ሰፈሩ ሁሉ «ሥራ ያዝሽ?» ይለኝ ጀመር። ዳቦ ልገዛ ስወጣ «ሥራ ያዝሽ?»፣ ስመለስም «ሥራ ያዝሽ?»። አልያዝኩም! ማርኬቲንግ ነው የተማርኩት፣ አሰላ ላይ ደግሞ ገበያው ካለኔም ይሄዳል። አዴ ከድጃ ብቻ አልጠየቁኝም። በበራቸው ቀዳዳ አንድ ዓይናቸውን አውጥተው፣

«ያ ኢንተላ!» አሉኝ፤ አንቺ ልጅ ማለታቸው ነው። «ሥራ የለሽም አይደል?»

«የለኝም።»

«ጥሩ። ሂጂ ጨው ግዢልኝ።»

እንደዛ ነው የተቀጠርኩት። ጨው፣ ዘይት፣ የስልክ ካርድ፣ የደም ግፊት መድኃኒት። እኔ እግራቸው ሆንኩ፣ ምክንያቱም እሳቸው ከግቢ አይወጡም። በፍጹም አይወጡም። ገበያ የለ፣ ሰርግ የለ፣ ለቅሶ የለ። በሽተኛ ናቸው እንዳልል እንደ ፍየል ነው የሚዘሉት። ሰፈር ውስጥ «ጂን ነው» የሚልም ነበር። ጂን አይደለም። አቶ ሁሴን ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ባላቸው አቶ አማን የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። ልጅ የላቸውም። ቤቱ የተሠራበት መሬት የአቶ አማን አባት ነበር፤ እና አቶ አማን ሲሞቱ ወንድምየው አቶ ሁሴን «የአባቴ መሬት ነው» ብሎ ተነሳ። ሰውየው ኢተያ ላይ ስንዴ ነጋዴ ነው፣ የተከበረ፣ ሌላ ሰው ሲጣላ ሽማግሌ ሆኖ የሚቀመጥ። ዓይኑ ያረፈው በመንገዱ በኩል ያለው ፊት ለፊት ላይ ነው፤ አፍርሶ ሱቅ ሊደረድርበት። አዴ ከድጃ ያኔ ገና ወጣ ገባ ይሉ ነበር። አንድ ቀን ሁሩታ ለዘመድ ሰርግ ሄደው አደሩ። ሲመለሱ የጓሮው ክፍል አዲስ ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል፣ ውስጡ እስከ ጣሪያው ስንዴ ነው። ቢጮሁ አቶ ሁሴን ረጋ ብሎ ምን አለ? «ባዶ መስሎኝ ነው።»

ያን ስንዴ ለማስወጣት አንድ ክረምት ሙሉ ፈጀባቸው። ከዛ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ገባ፣ ፍርድ ቤቱም እስኪወሰን ድረስ ሁሉም ባለበት ይቆይ አለ። ባለበት ማለት ለአዴ ከድጃ የገባቸው፣ ውስጥ ያለ ውስጥ፣ ውጭ ያለ ውጭ ማለት ነው። በሩን ዘጉ። ከውስጥ።

«ባዶ ቤት ዘመድ ያበዛል» ይሉ ነበር። ሰላምታ ይመስል በየቀኑ ነው የሚሏት።

እኔ ደግሞ ትዕግስት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። «ለምን አይሸጡትም? ሸጠው አይገላገሉም?» እላለሁ። እሳቸው አይሰሙኝም፣ ዘንባባቸውን ያያሉ።

ስለ ዘንባባው ሳልናገር ስለ ሴትየዋ መናገር አልችልም። አቶ አማን ናቸው በሕይወት እያሉ ከአዳማ በዘይት ቆርቆሮ ይዘውት የመጡት። እኛ አገር ሰው የሚያውቀው ዘንባባ አንድ ረጅም ግንድ ኖሮት አናቱ ላይ የሚንጨባረረውን ነው። ይሄ እንደሱ አይደለም። ቅጠሉ እንደተዘረጋ እጅ ነው፣ ጣቶቹ የተከፈቱ፤ እሳት ማራገቢያ ብታደርጊው ይሆናል። ቀለሙ አረንጓዴ ሆኖ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። የቅጠሉ እጀታ ግራና ቀኙን እንደ መጋዝ ጥርስ እሾህ አለው። ዋናው ነገር ግን ብቻውን አያድግም። ከስሩ ልጅ ያወጣል፣ ልጁ ደግሞ ልጅ ያወጣል፣ እንደዛ እያለ ነዶ ይሆናል።

አሰላ ላይ ዘንባባ የሚተክል ሰው ሞኝ ነው ይባላል፤ በኅዳር ውርጭ ይገርፈዋል። ይሄን ግን የሸጠላቸው ሰውዬ ለአቶ አማን «ብርድ አይገድለውም፣ ውሃ ነው የሚገድለው» ብሏቸው ነበር። እና መስኮቱ ስር ጉድጓድ ቆፍረው፣ ጥቁሩን አፈር አውጥተው፣ ጠጠርና አሸዋ ሞሉበት፤ ምክንያቱም የኛ አፈር ክረምቱን ሙሉ ውሃ እንደያዘ ነው። አዴ ከድጃ በሐምሌ ዝናብ በቦቲያቸው ወጥተው ስሩ ውሃ እንዳያቋር ቦይ ይጠርጋሉ። በበጋ ግን ጠብታ አይሰጡትም። «ይጠማው» ይላሉ። «የተጠማ ስር ነው ወደ ታች የሚወርደው።» ደግሞ እድገቱ! ፀጉሬ ይበልጠዋል። አንድ ቅጠል ለመክፈት በሚፈጅበት ጊዜ እኔ ዲግሪ የጨረስኩ ይመስለኛል።

አንድ ቀን ስልኬ ላይ ቪዲዮ አሳየኋቸው። የውጭ አገር አትክልተኞች ይሄንኑ ዘንባባ ከስር ያሉትን ልጆች እየቆረጡ፣ ግንዱን እያስተካከሉ፣ ሆቴል በር ላይ እንደሚቆመው አሳምረውታል።

«እንደዚህ ቢያደርጉት እኮ ያምራል» አልኳቸው።

ስልኩን ተቀብለው አዩት። አገላብጠው ስልኩን ራሱን አዩት። «ያምራል» አሉ። «ብቻውን የቆመ ያምራል። አንድ ቀን ደግሞ አንድ ሰው መጥቶ አንዴ ይመታዋል፣ አለቀ። የኔን ግን የቱን መትቶ የቱን ይተዋል?»

የዘንባባውን ልጅ ለሰው አይሰጡም ነበር። እማዬ ለምናቸዋለች፣ የመስጊዱ ሰዎች ለምነዋቸዋል፤ አይሰጡም። ጥበብ አይምሰላችሁ፣ ስስት ነው። ራሳቸውም «እኔ ስስታም ነኝ፣ አላህ ያውቃል» ይላሉ። እና ዘንባባው በዝቶ በዝቶ ከኋላው ሚኒባስ ቢቆም የማይታይበት ሆነ። ከመስኮቱ ስር ጀምሮ ወደ መንገዱ በኩል ያለውን ሁሉ ያዘው።

ቅጠል ግን ይሰጡ ነበር። በዓመት አንድ ቀን፣ የሆሳዕና ዋዜማ፣ ቅዳሜ ጠዋት።

የሰፈራችን ክርስቲያን በሆሳዕና ለቀለበቱና ለመስቀሉ የሚሆን ዘንባባ የሚያገኘው ከቆላ ከመጣለት ነው፤ አሮጌና የተሰባበረ። አቶ አማን በሕይወት እያሉ «እኛ ቤት እያለ ለምን ትገዛላችሁ?» ብለው ጎረቤቱን ጠሩ። ሲሞቱ አዴ ከድጃ አላቋረጡም። «የሱ ሰደቃ ነው» ይላሉ። የዛን ቀን ብቻ በሩ ይከፈታል። እሳቸው ቢላቸውን ይዘው ዘንባባው አጠገብ ይቆማሉ፣ ለያንዳንዷ ሴት በእጃቸው ቆርጠው ይሰጣሉ። ማንም አይነካም። ሴቶቹ የሚፈልጉት ደግሞ መሀል ላይ ያለውን፣ ገና ያልተከፈተውን ነጩን ነው፤ ለስላሳ ነው፣ ቀለበት ሲሠሩት አይሰበርም።

«ልቡን አትንኩ!» ይጮሃሉ። «ልቡ ከወጣ ያ ግንድ ሞተ፣ ሌላ አያወጣም!»

አንድ ዓመት እትዬ አልማዝ፣ ማዶ ያለችው ጎረቤታችን፣ ዞር ሲሉላት ነጩን መዥርጣ አወጣችው። ያ ግንድ ደረቀ። አዴ ከድጃ አልቆረጡትም። ደርቆ በሌሎቹ መሀል ቆሟል፣ እና በየዓመቱ ቅጠል ከመስጠታቸው በፊት፣ «አልማዝ፣ ነይ ሬሳሽን ሰላም በይው» ይሏታል። እትዬ አልማዝም አፍራ አታውቅም። «ነፍስ ይማር፣ አዴ!» ትላለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

አዴ ከድጃ አንድ እህት ነበረቻቸው። መኪያ ትባላለች፣ ኦጎልቾ ነው የምትኖረው። «ያለችኝ አንድ እሷ ናት» ይላሉ። እና መኪያ ታመመች። መጀመሪያ እግሯን ነው ተባለ፣ ከዛ ኩላሊቷን፣ ከዛ ማንም ምኗን እንደሆነ መናገር ተወ። ሁልጊዜ ትደውላለች። አዴ ከድጃ ስልክ ሲያነሱ ድምፁን ከፍተው ነው፣ ስለዚህ እሰማለሁ። የምትለው አንድ ነገር ነው፤

«መቼ ነው የምትመጪው?»

«ነገ። ኢንሻአላህ ነገ።»

ነገ ነገ ነገ! ኦጎልቾ እኮ አሜሪካ አይደለም። ጠዋት ወጥተሽ እህትሽን አይተሽ ለምሳ ካልሆነ ለመክሰስ ትደርሻለሽ። አንድ ቀን አልቻልኩም፣ ጮህኩባቸው።

«ጠዋት ሄደው ማታ ይመለሳሉ! እኔ ቤቱን እጠብቃለሁ!»

«አንቺ?» ሽንኩርት እየላጡ ነው፣ ቀና አላሉም።

«አዎ፣ እኔ!»

«ሁሴን መጥቶ 'ልጄ ክፈቺ፣ ዕቃ ረስቼ ነው' ቢልሽ?»

«አልከፍትም።»

«'የአባትሽ እኩያ ነኝ' ቢልሽ?»

«አልከፍትም አልኩ እኮ!»

«ፖሊስ ይዞ መጥቶ 'ይቺ ማናት የወንድሜ ቤት ውስጥ?' ቢልስ?»

ወደ በሩ ዞርኩ።

«አየሽ?» አሉ። «ታኢ። ተቀመጪና ሽንኩርቱን አግዢኝ።»

ተቀምጬ ላጥኩ። አለቀስኩም፣ በሽንኩርቱ አሳብቤ። ለሳቸው ብቻ አይደለም። እኔም የማመለክትበት ሁሉ «እንደውላለን» ብሎኝ ቤት ተቀምጬ ስልክ እያየሁ ነበርና፣ ሁለት የተቆለፈባቸው ሴቶች አንድ ሽንኩርት ሲልጡ ከላይ ሆኜ ያየኋቸው መሰለኝ፤ ጠላሁት።

ሆሳዕና ደረሰ። ቅዳሜ ጠዋት በሩ ተከፈተ። እኔ ቅጠሉን ተቀብዬ ለሴቶቹ አቀብላለሁ። እትዬ አልማዝ ሬሳዋን ሰላም ብላ ጨርሳለች። ግቢው በነጠላ ተሞልቷል። እና በነጠላው መሀል አቶ ሁሴን ገባ።

እንደ እንግዳ «አሰላሙ አለይኩም» አለ፣ ሴቶቹን «እንኳን አደረሳችሁ» አለ። እኔ ምን እንደሆነ ሳይገባኝ በዘንባባው አጠገብ አልፎ፣ ደጃፉ ላይ ጫማውን አውልቆ፣ ቤት ገብቶ መጅሊሱ ላይ ተቀመጠ። ትራስ አስተካክሎ ተደገፈ።

«የወንድሜ ቤት ነው» አለ ከውስጥ። «ዛሬ እዚህ አድራለሁ። ነገም።»

አለቀ። ገባ። ስንት ዓመት የተዘጋው በር ለሰደቃ በተከፈተባት ቀን ገባ። ሽማግሌ ነው፣ የባል ታላቅ ነው፣ ጎትቶ የሚያስወጣው የለም። እና ውስጥ ያለ ውስጥ ነው። አዴ ከድጃን አየኋቸው፤ ቢላው እጃቸው ላይ ነው። ሴቶቹም ቢላውን ነው ያዩት። ፊታቸው ላይ ግን ምንም የለም። ቢላውን ዘንባባው ስር አስቀመጡ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ገቡ። አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀድተው ለአቶ ሁሴን በሁለት እጃቸው ሰጡት። ተቀብሎ ጠጣ። እንዲህ በቀላሉ ያልፋል ብሎ ስላልጠበቀ ትንሽ እንኳን ያፈረ መሰለኝ።

ከዛ ከበሩ ጀርባ ዱላ አነሱና ወጡ። ቀጭን፣ ቀጥ ያለች፣ በቅቤ ብዛት የጠቆረች ዱላ። የበሩ ደፍ ላይ፣ ከዚህ ጥግ እስከዛ ጥግ፣ አጋደሟት።

እኔ አልገባኝም። እትዬ አልማዝ ናት እጇን አፏ ላይ የጫነችው። «ሲንቄዋን!» አለች።

ሲንቄ የአርሲ ሴት ስትዳር እናቷ የምትሰጣት ዱላ ናት። ለመመርኮዝ አይደለችም፣ ለመምቻም አይደለችም። ሁለት ወንዶች ሲጣሉ ሴት ሲንቄዋን በመሀላቸው ካደረገች ማቆም ነው። ተራምዷት የሚያልፍ ወንድ ከዛ በኋላ ሰው ፊት አይቀርብም፤ ሽማግሌ ሆኖ ሊቀመጥ ቀርቶ ሰላም የሚለው አያገኝም። ይሄን ሁሉ የማውቀው እንደ ተረት ነበር። በሷ የሰው ፊት ሲለወጥ አይቼ አላውቅም። የአቶ ሁሴን ፊት ተለወጠ።

«ከድጃ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ምንም አይደል። ይቀመጡ። ቤትዎ ነው አይደል ያሉት?» አሁንም እርስዎ ነው የሚሉት። «ሽማግሌ ይጥሩና እንነጋገራለን። እስከዛ ይቀመጡ።»

ከዛ ወደኔ ዞሩ።

«ያ ኢንተላ፣ የኦጎልቾ መኪና የሚነሳው አሁንም ከድሮው ቦታ ነው?»

አይደለም፣ መናኸሪያው ከተዛወረ ቆይቷል። አላወቁም። ባጃጅ ጠራሁላቸው። ሻሻቸውን አስተካክለው፣ የአቶ አማንን ጃኬት ሳያወልቁ፣ በቦቲያቸው ወጡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ብረቱን ይዘው ቆሙ። ሊመለሱ ነው ብዬ ፈራሁ። «ሲንቄዋን ማንም አይንካት፣ አንቺም» አሉኝና ባጃጁ ውስጥ ገቡ።

እንግዲህ ሴቶቹ የት ይሂዱ? ማንም አልሄደም። ግቢው ውስጥ ሣሩ ላይ ተቀምጠው ቅጠላቸውን ሰንጥቀው ቀለበትና መስቀል መሥራት ጀመሩ። አቶ ሁሴን ውስጥ በካልሲው ይንጎራደዳል። ጫማው ከዱላዋ ወዲህ ነው።

በኋላ ጠራኝ። «ልጄ፣ ነይ እስቲ። የተማርሽ ነሽ አይደል?»

«ነኝ።»

«እንግዲያው በዚህ በዚህ አታምኚም። ያቺን እንጨት ወዲያ አድርጊልኝ።»

«እርስዎስ ያምናሉ?»

ዱላዋን አየ፣ ከሷ ማዶ ያለውን ጫማውን አየ።

«ካላመኑ ተራምደው ጫማዎን ያድርጉ» አልኩት።

እትዬ አልማዝ ከሣሩ ላይ ሆና፣ «አቶ ሁሴን፣ በመስኮት ይውጡ እንጂ! እኛ ዞር እንልልዎታለን!» አለች። ሴቶቹ ፈነዱ። ሰውየው ግን እውነትም መስኮቱን ከፈተ። አንገቱን አውጥቶ ወደ ታች አየ። ከስሩ ያ ሁሉ ዘንባባ፣ ልጅና የልጅ ልጁ፣ እሾሁን አሹሎ ግራና ቀኝ ተዘርግቷል። የደረቀው የእትዬ አልማዝ ሬሳ እንኳን ቀጥ ብሎ ቆሟል። ለረጅም ጊዜ አየው። ከዛ መስኮቱን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ወደ ከሰዓት ሲሆን ራሱ ስልክ ደውሎ ሽማግሌዎች ጠራ። ሌላ ምን ያደርጋል? አንዴማ «ልጄ፣ ውጪ መውጣት አለብኝ፣ ይገባሻል» ብሎኝ፣ እትዬ አልማዝ አሮጌ ባልዲ በዱላዋ ላይ አሳልፋ ሰጠችው። ለሱ አላዘንኩም። አሁንም አላዝንም።

አዴ ከድጃ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለሱ። አቧራ ለብሰዋል፣ የቆላ አቧራ። ስለ እህታቸው አንድ ቃል አልተናገሩም። «ምሳ ሰጣችሁት?» ብቻ ነው ያሉት። ሽማግሌዎቹ ግቢው ውስጥ ተቀምጠው ብዙ ተነጋገሩ፣ በኦሮምኛ፣ ግማሹ አመለጠኝ። በመጨረሻ አቶ ሁሴን ጥፋቱን አመነ፣ በግ ሊያመጣ፣ ክሱንም ሊተው ቃል ገባ። አዴ ከድጃ ደግሞ በቤቱ እስከ ሞታቸው ይኖራሉ፣ ነዋሪ እስከሆኑ ድረስ። አይሸጡትም፣ አያከራዩትም፤ ከሳቸው በኋላ ለወንድምየው ወገን ይመለሳል። ተስማሙ። አዴ ከድጃ ራሳቸው ሲንቄዋን አነሱ። አቶ ሁሴን ጫማውን አድርጎ ወጣ፣ ማሰሪያውን እንኳን ሳያስር።

ሰፈሩ እልል አለ። እኔ ነኝ የተናደድኩት።

«ይሄ ማሸነፍ ነው?» አልኳቸው በማግስቱ። «ነዋሪ እስከሆኑ ድረስ ማለት ምን ማለት ነው? አንድ ሌሊት ቢያድሩስ? ሳምንት ታመው ሆስፒታል ቢተኙስ? ነዋሪ አይደሉም ሊሉ ነው? አልጠየቋቸውም?»

«አልጠየቅኩም።»

«ለምን?»

«ከጠየቅኩ ይነግሩኛላ!»

እና በሩ ተመልሶ ተዘጋ። አንድ ቀን እወጣለሁ፣ ሁለት ቀን እወጣለሁ ሲሉ ክረምት ገባ። ቦይ መጥረግ አለ፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ነገ ነው። መኪያ ያን ክረምት ሞተች። ስልኩ ሲመጣ እኔም አለሁ። አልጮሁም። ለቅሶው ኦጎልቾ ነው፣ እዛ ማደር አለ፤ እህት ሞታ ሳያድሩ መመለስ የለም። እሳቸው አልሄዱም። ቤታቸው ተቀምጠው ለብቻቸው አለቀሱ። ሰዉ ተቆጣ፣ እማዬ እንኳን «ልብ የላትም» አለች። እኔም ልላቸው የሄድኩት እሱኑ ነበር፣ በሐቅ። ቦቲ አድርገው በዝናብ ዘንባባው ስር ተቀምጠው፣ በስሩ የታቆረውን ውሃ በእጃቸው ሲያወጡ አገኘኋቸው። ተናድጄ የሄድኩበት ጠፋኝ። አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ።

«ያን ቀን መኪያ ምን አለችዎት?» አልኳቸው። ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር።

እጃቸውን ከጭቃው አላወጡም። «ተኝታ አገኘኋት» አሉ። «መጀመሪያ እኔ መሆኔን አላመነችም፤ ጃኬቱን በእጇ ዳሰሰችው። ከዛ ደነገጠች። ቀና ለማለት ታገለች። 'ከድጃ፣ ቤቱንስ? ቤቱን ማን እየጠበቀልሽ ነው የመጣሽው?' አለችኝ።»

«ምን አሏት?»

«'ሌባው' አልኳት።»

ፊታቸው ተጨማደደ፣ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። ሳቅ ነው።

«ያ ረቢ፣ ምን ልንገርሽ? ሳቀች። እሷ ስትስቅ እኔም ሳቅኩ። ልጆቿ እየሮጡ ገቡ፣ ሞተች ብለው ነው። አልጋው ተንቀጠቀጠ። እንባዋን በሻሼ ጠረግኩላት፣ ደግማ 'ሌባው!' አለችና ደግመን ሳቅን። ትንሽ ልጅ ሆነን እንደዛ እንስቅ ነበር፣ እናታችን እስክትገርፈን። እጄን ይዛ አልለቅም አለችኝ።»

«ከዛስ?» አልኩ።

«ከዛማ» አሉ፣ «እጄን አላቅቄ መጣሁ። ቤት አለኝ አይደል እንዴ!»